ላምባ የሸተተው የሰማይ ብረት

ወንድሙ የሚባል ገበሬ የጤፍ ክምሩ አመድ ሆኖ ባደረ ማግስት፣ ከወልድያ መርሳ የደረስኩት በአይሱዙ ጋቢና ውስጥ ከሁለት የፍየል ነጋዴዎች ጋር ተጣብቄ ነው። የፖሊስ መኪናችን ያን ሰሞን ጋራዥ ነበረች። ዘመኑ 1996 ዓ.ም.፣ ወሩ የኅዳር መጨረሻ። ነጋዴዎቹ መንገዱን ሙሉ ያወሩት ትናንት ጀምበር ስትጠልቅ ከሰማይ ስለወረደው ብርሃን ነበር።

«ሲሪንቃ ላይ ሆኜ አይቼዋለሁ» አለ አንደኛው። «አረንጓዴ ነው፣ ጭራ አለው። አጓርቶ ወደ መርሳ አዘነበለ።»

«አውሮፕላን ይሆናል» አልኩ።

«አውሮፕላን እኮ እናውቃለን ጌታዬ» አለኝ ተቀይሞ። ልክ ነበር። በደርግ ጊዜ ስንት አውሮፕላን በአናቱ ያለፈ ሰው አውሮፕላን መለየት አያቅተውም።

እኔ ኢንስፔክተር መልካሙ ነኝ። ወልድያ ተወልጄ ያደግሁ፣ ወሎዬነቴን ደረቴን ነፍቼ የማወራ ሰው ነኝ። ፖሊስ ኮሌጅ ሳለሁ ጓደኞቼ በዚህ ሲቀልዱብኝ ከረሙ። ይቀልዱ። ይህን ታሪክ ከሰሙ በኋላ ደግሞ የሚቀልድ ካለ ይምጣ።

ክምሩ የነበረበት አውድማ ከመርሳ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ወንዝ ዳር ነው። የቀረው ሰፊ ጥቁር አመድ ብቻ ነው። መሃሉ ላይ ጉልበት የሚውጥ ጉድጓድ አለ። በቦታው ዙሪያ እርጥብ የግራር ቅርንጫፍ ተጥሏል። እኛ ዘንድ አበጋሮች እርጥብ ቅጠል የጣሉበት ቦታ፣ ነገሩ ሳይፈታ እግሩን የሚያስገባ የለም። አበጋር ማለት ደም የተቃባውን ሳይቀር የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም እኩል ይሰማዋል።

ሁለቱ የአካባቢው አበጋሮች፣ ሼህ አብዱልሐሊምና አያ ደምሴ፣ ዱላቸውን ተደግፈው ይጠብቁኝ ነበር።

«ጉድጓዱ ውስጥ ምን ነበር?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ብረት» አሉ ሼሁ። «ሲወድቅ ለሁለት ተሰብሯል። ግማሹ እኔ ቤት ነው፣ ግማሹ ደምሴ ቤት።»

«ማን አንሱ አላችሁ? ማስረጃ እኮ አይነካም።»

«በእጃችን መች ነካነው ልጄ» አሉ አያ ደምሴ። «በአዲስ ገል አንስተን አዲስ ገንቦ ውስጥ ነው የከተትነው። ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ነገር ምግብ ከነካ ዕቃ ጋር አናገናኝም። አናጥበውም፣ አንጠርገውም። አደራ ነው።»

«ለምን ሁለት ቤት ሄደ?»

«ጠብ ያለበት አደራ አንድ ቤት አያድርም። አንዱ ቢለውጠው በሌላው እንዲታወቅ ነው።»

ሁለቱንም ካልሰጣችሁኝ አልኩ። ሕግ ጠቀስኩ፣ ድምፄንም ከፍ አደረግሁ። ሽማግሌዎቹ እስክጨርስ በትዕግሥት አዳመጡኝና የሼሁን ብቻ ሰጡኝ። የአያ ደምሴ ከእነ ገንቦው እዚያው ቀረ። ያን ቀን በጣም ነው የተናደድኩት።

የክምሩ ባለቤት ወንድሙ እንቅልፍ ባጣ ዓይኑ አመዱን ያያል። የልጆቹ የዓመት ቀለብ ነው።

«ማንን ትጠረጥራለህ?»

«ኢዘዲንን ነዋ። በመስኖ ተራ ተጣልተን ‹ታየዋለህ› ብሎኛል። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«ብርሃኑንስ? የወደቀውን ብረትስ?»

«ብርሃኑን እኔም አይቻለሁ። ብረቱን ግን ማን እንዳስቀመጠው በምን አውቃለሁ?»

የክምሩ ጠባቂ ማሩ ይባላል። ትከሻው ሰፊ፣ በጦር ነብር ገድሎ ስሙ በሀብሩ ወረዳ ሁሉ የተነሳ ሰው ነው። ልጆች ሲያልፍ ይከተሉታል። ጎጆው ከአውድማው ጥቂት ራቅ ብላ ትታያለች።

«ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም» አለኝ። «እሳቱ ሲነሳ አንድ ሰው ሲሮጥ አይቻለሁ። ፊቱን ግን አልለየሁትም።»

«የሰማዩን ብርሃንስ?»

«እኔ የምጠብቀው ክምር ነው ጌታዬ፣ ሰማይ አይደለም።»

መልሱ አስቆኝ አለፍኩት።

ኢዘዲንን ያገኘሁት መርሳ ከሱቁ ነው። ስኳር፣ ጨው፣ ሳሙናና ላምባ ይሸጣል። እጁን ስጨብጠው የላምባው ሽታ ከቆዳው የማይለቅ ዓይነት ሰው ነው።

«‹ታየዋለህ› ያልኩት ቀበሌ እከስሃለሁ ለማለት ነው» አለኝ። «ወላሂ፣ የሰው እህል አላቃጥልም። ከመግሪብ በፊት ሱቄን ዘግቼ ቤቴ ነበርኩ።»

«ማን አየህ?»

«ረሂማ፣ ባለቤቴ።»

የሚስት ምስክርነት ምን ያህል እንደሚመዝን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ። ይዤው ወልድያ ገባሁ።

ብረቱን ከእነ ገንቦው በሰም አሽጌ አዲስ አበባ ላክሁት። እዚያ አንዲት የግል ላቦራቶሪ አለች፤ ከሰማይ ወደቀ የተባለ ነገር ሁሉ እንዲመረመር የሚላከው እሷ ጋ ነው። የማይታወቅ በራሪ አካል፣ የኮከብ ስባሪ፣ የሌላ ዓለም መርከብ ፍርስራሽ፣ የተባለውን ሁሉ። መልሱ ሲመጣ አለቃዬ ኮማንደር ሀይሉ አስጠሩኝ።

«አንብበው» አሉኝ።

የብረቱ ቁራጭ ላምባ እንዳለበት፣ ሆን ተብሎ ሳይነከር እንዳልቀረና ከሰማይ ስለመውደቁ ምንም ማስረጃ እንደሌለ ይላል።

«አለቀ» አሉ ኮማንደር። «ላምባ የሚሸጠው ማን ነው? ኢዘዲን። ሰማይ ላይ ብርሃን ታየ፣ ሰው ተደናገጠ፣ እሱ ደግሞ ላምባ የነከረውን ብረት ክምሩ ውስጥ ከትቶ ለኮሰና ‹የሰማይ እሳት ነው› አስባለ። ሰኞ ዶሴው ለዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

«ኮማንደር፣ ገንቦውን ሳሽግ እኔ ነበርኩ። የሸተተኝ አዲስ ሸክላ ነው እንጂ ላምባ አልነበረም።»

«አፍንጫህን ለፍርድ ቤት አታቀርብልኝም።»

እውነታቸውን ነው። ግን ነገሩ አልዋጥ አለኝ።

ከቢሮ ስወጣ ረሂማ በር ላይ ቆማለች፤ ለባሏ ምሳ ይዛ ከመርሳ መጥታ ነው። ረጅም፣ ቀጥ ብላ የምትሄድ ሴት ናት። አላለቀሰችም።

«ኢንስፔክተር፣ እስር ቤቱን ይችለዋል» አለችኝ። «የማይችለው ስሙን ነው። ገበያ ስወጣ ‹የአቃጣዩ ሚስት› እያሉ ያንሾካሹካሉ። ሱቁን ከፍቼ ስውል ላምባ ቀርቶ ጨው የሚገዛኝ ሰው የለም። ባሌ አቃጥሎ ከሆነ እዚያው ይቅር። ካላቃጠለ ግን ስሙን መልሱልኝ።»

«እሞክራለሁ።»

«አይሞክሩ። ያድርጉት።»

እንዲህ ዓይነት ንግግር ከሌላ ሰው ቢመጣ እቆጣ ነበር። ከእሷ ሲመጣ ግን ኮራሁ፣ ምክንያቱን ባላውቅም።

በመጀመሪያ የራሴን ቤት ፈተሽኩ። የእኛ ዕቃ ግምጃ ቤት መብራት ሲጠፋ በፋኖስ ነው የሚገባበት። ፋኖስ ደግሞ በላምባ ይሠራል። ግን ገንቦው ግምጃ ቤት አላደረም፤ ከመርሳ እንደመጣ ታሽጎ ነው የተላከው። ላቦራቶሪዋም ሰሙ እንዳልተነካ መስክራለች። ላምባው ከእኛ ዘንድ አልመጣም።

ቀጥሎ ሼህ አብዱልሐሊም ዘንድ ሄድኩ። ግማሹ ብረት ያደረው እሳቸው ቤት ነው።

«አሰላሙ አለይኩም ሼህ።»

«ወአለይኩም ሰላም። ግባ ልጄ።»

ነገሩን ስነግራቸው ፊታቸው ተለወጠ።

«እኔ አደራ በላሁ?»

«አላልኩም ሼህ። ቤትዎ ላምባ ካለ አንድ ጠብታ ወድቆበት እንደሆነ ብዬ ነው።»

«ቤቴ መብራት ገብቷል። ገንቦውም ቤት አልገባም፤ ውጭ ጎተራ ላይ ሰቅዬው ነው ያደረው። ና እይ።»

አየሁ። ጎተራው ባዶ፣ ደረቅ፣ ከቤቱ የራቀ ነው። ሼሁ ግን አልበረደላቸውም።

«ስማኝ መልካሙ። እኔ ላይ ብትጠረጥር መብትህ ነው። ጥርጣሬህን ለማጥራት ግን ደምሴ ዘንድ ያለውን ግማሽ ሂድና እይ። ለዚህ ቀን ነው ሁለት ቤት ያደረው።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ሕግ ጠቅሼ የጮኽኩበት ወግ እጄ ላይ ትልቅ ነገር አስቀምጦልኛል፤ ማንም ያልቆረጠው፣ ማንም ያላጠበው ሌላ ግማሽ። አያ ደምሴ ዘንድ በሩጫ ነው የሄድኩት።

አያ ደምሴ ገንቦውን ከጓዳ አውጥተው ደጅ ላይ ክዳኑን አነሱት። አጎንብሼ አሸተትኩ። አፈርና ሸክላ ነው። ላምባ የለም። ከዚያ ብረቱን በባትሪ አየሁት። ጥቁር፣ ጎርባጣ፣ የሰው ጡጫ የሚያህል ነው። በአንድ በኩል ሰርጎድ ያለ ቦታ አለው፤ በጭቃ ተሞልቷል። ጭቃው ውስጥ የጤፍ ጭድ ተጨፍልቆ ተጣብቋል። ጭዱ አልጠቆረም። አልተለበለበም። ወርቃማ ነው።

ሁለቴ አየሁት። ይህ ነገር ክምሩ ውስጥ ሲወድቅ ጭዱን ከታች ጨፍልቆ ይዞ ነው መሬት የገባው። ትኩስ ቢሆን ኖሮ ጭዱ ከሰል ይሆን ነበር። ስለዚህ የሰማዩ ብረት ሲወድቅ ቀዝቃዛ ነበር። ክምሩን አላቃጠለም። ላምባም ቢነከር ጭዱ ይሸት ነበር። ስለዚህ ኢዘዲንም ብረቱን ላምባ አልነከረም።

«አያ ደምሴ፣ ይህን አዲስ አበባ ልውሰደው።»

«እኔም እሄዳለሁ።»

«እርስዎ?»

«አደራ ያለ ባለአደራው አይወጣም።»

እንዲህ ሆነና እኔና አያ ደምሴ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ገባን፤ ገንቦው መንገዱን ሙሉ ጭናቸው ላይ ነበር። ደብረ ሲና ላይ ረዳቱ «አባት፣ ጠላውን ጣራ ላይ ልጫነው?» ብሏቸው በዓይናቸው ብቻ መለሱለት።

የላቦራቶሪዋ ኃላፊ ዶክተር ቡርቱካን ትባላለች። በሥራዋ የምትኮራ፣ ቶሎ የምትናገር ሴት ናት። መኩራቷ አላስከፋኝም፤ የምኮራ ሰው የሚኮራን ሰው ያውቃል።

«ከሰማይ ወደቀ ተብሎ የመጣልኝ ነገር ብዙ ነው» አለችኝ። «ከአፋር፣ ከባሌ፣ ከሐረር። ከአንዱ ጋር የበራሪ አካል ተመራማሪ ነን የሚሉ ማኅበርተኞች ካሜራ ይዘው መጥተው ነበር። ሁሉንም አጋለጥኩ። ሁሉም ላምባ ነበረበት።»

«ሁሉም?»

«ሁሉም። የእናንተን ጨምሮ።»

ወንበሬን ወደ ፊት ሳብኩ።

«ዶክተር፣ እኔ ስለ ብረት አላውቅም። ስለ ውሸታም ግን ትንሽ አውቃለሁ፤ እንጀራዬ ነው። ውሸታም ሁሉ የራሱ መንገድ አለው። የአፋሩ ሰው፣ የባሌው ሰው፣ የሐረሩ ሰውና የመርሳው ሰው ሳይተዋወቁ ሁሉም በላምባ ለመዋሸት እንዴት ተስማሙ?»

መነጽሯን አወለቀች።

«ቁራጮቹን ማን ነው የሚቆርጠው?» አልኩ።

«ምድር ቤት ያለው ወርክሾፕ ነው። እኔ ጋ የሚመጣው ቀጭኑ ቁራጭ ነው» አለች ቀስ ብላ። «መጋዙ በውሃ ነው የሚቀዘቅዘው።»

«ወርደው አይተው ያውቃሉ?»

ተነስታ ወረደች፣ እኔና አያ ደምሴም ተከተልናት። ደረጃው ግማሽ ላይ ሳለን ሽታው ተቀበለን። ክብ መጋዝ አለ። ከሥሩ ያለው ገንዳ ላምባ ሞልቷል። መጋዙን የሚያሠራው ሰው ውሃ ምላጩን እያዛገው ስላስቸገረው ላምባ መጠቀም ከጀመረ መቆየቱን ምንም ሳይደብቅ ነገረን። ብረት የሚቆርጡ ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ሥራው ነው። ቁራጩ ላይ ላምባ ሊፈለግበት እንደሆነ የነገረው ሰው አልነበረም።

ሰበብ ትፈልጋለች ብዬ ጠበቅሁ። ዶክተር ቡርቱካን ሰበብ አልፈለገችም።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች። «ምርመራዬ ከፎቅ ሳይሆን ከዚህ ነበር መጀመር የነበረበት። እነዚያን ሰዎች ሁሉ ውሸታም ብያቸዋለሁ።»

ወዲያው እጅጌዋን ሰብስባ ሥራ ገባች። ላምባ ነክቶት የማያውቅ አንድ ተራ የግንብ ድንጋይ በዚያው መጋዝ አስቆርጣ መረመረችው። ላምባ አለበት። ከዚያ የአያ ደምሴን ግማሽ ሳይቆረጥ መመርመር ፈለገች፤ ጭቃውን በብሩሽ ልታነሳ ስትል ሽማግሌው እጃቸውን ገንቦው ላይ አሳረፉ።

«አፈሩን አትንኪብኝ ልጄ።»

«አባት፣ ከሥሩ ያለውን ማየት አለብኝ።»

«ሌላው ጎን ባዶ ነው። በዚያ እዪ።»

ዶክተሯ ሳቀች፤ በሌላው ጎን አየች። ጭዱንም ከነበረበት ሳታነቃንቅ በአጉሊ መነጽር ተመለከተችው። ማታ ወደ ማረፊያችን ልንሄድ ስንል ውጤቱን ነገረችን። ላምባ የለም። ጭዱ እሳት አልነካውም። ብረቱ ውስጥ ያለው የኒኬል መጠን በተራ የፋብሪካ ብረት ላይ አይገኝም።

«ከሰማይ ነው» አለችን። «የጠፈር ብረት። መርከብ አይደለም፣ ውሸትም አይደለም። የመጀመሪያውን መልሴን ሰርዤ ለአለቃህ ዛሬውኑ በፋክስ እልካለሁ። ለአፋሩም ለባሌውም ለሐረሩም ሰዎች እጽፋለሁ። ዕቃቸውን እንደገና እመረምራለሁ።»

አያ ደምሴ ባርኔጣቸውን አንስተው አመሰገኗት። እኔ ደግሞ እንዲህ ዓይነት ሰው አገሬ ውስጥ በመኖሩ አንጀቴ ራሰ። ስሕተትን ደረት ሰጥቶ መቀበል ከዶክትሬት ይከብዳል።

ሰኞ ጠዋት ኮማንደር ሀይሉ ፋክሱን አንብበው ዓይናቸውን ወደ እኔ አነሱ።

«ደህና። ብረቱ አላቃጠለም፤ ኢዘዲንም ላምባ አልነከረም። ታዲያ ማን አቃጠለ?»

«ዛሬ ማታ እነግርዎታለሁ።»

«ካልነገርከኝ ኢዘዲን አይወጣም። ዛቻው አለ፣ ‹ሰው ሲሮጥ አየሁ› ያለው ምስክር አለ።»

መርሳ ተመለስኩ። የግራሩ ቅጠል ደርቋል፤ አንድም ኮቴ ግን ውስጥ አልገባም። እህሉን እሳት የበላበት ሰው ራሱ ወንድሙ እንኳ አልረገጠውም። አበጋሮቹን አስፈቅጄ ቅርንጫፉን ተሻገርኩ። ከዚህ በፊት ዓይኔ ሁሉ ጉድጓዱ ላይ ነበር። አሁን ጉድጓዱን ትቼ አመዱን አየሁ፤ እሳት የጀመረበት ቦታ ጠባብ ነው፣ እየሄደ ይሰፋል። የተቃጠለው ገለባ አውድማው ላይ ሰፊ ነው። ወደ ማሩ ጎጆ ሲጠጋ ይጠባል። ጎጆው ደጃፍ ሲደርስ ከክንድ አይሰፋም። እዚያ ሦስት ጉልቻ አለ፤ የአበጋሮቹ ቅጠል እስከዚያ ስለከለለ ማንም አልነካውም።

ጉልቻው መሃል የማሽላ እሸት ራሶች ነበሩ። በታች በኩል ፍም ሆነው ከስለዋል። በላይ በኩል ጥሬ ናቸው፤ ደርቀዋል።

ማሩን አስጠራሁት። ጎጆው ደጃፍ ላይ ተቀመጥን፣ እሱ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ።

«ማሩ፣ እሸት ስትጠብስ ታገላብጣለህ?»

«የማያገላብጥ አለ እንዴ?»

«እነዚህ አልተገላበጡም።»

ዓይኑን ወደ ጉልቻው ጣለ።

«ከቦታዬ ንቅንቅ አላልኩም ብለኸኛል። ከሲሪንቃ እስከ መርሳ ሰው ሁሉ ብርሃኑን አየ። ቤት ውስጥ የነበረው ሳይቀር ወጥቶ አየ። ደጅ የተቀመጥከው አንተ ብቻ ነህ ያላየኸው። እንዴት ነው ነገሩ?»

«እኔ ነብር የገደልኩ ሰው ነኝ።» ዱላውን ጨበጠ።

«አውቃለሁ። ወልድያ ድረስ ይወራል።»

«ታዲያ ምን ልትለኝ ነው?»

«የሮጠ ሰው አይቻለሁ ብለሃል። ሰውዬው ማን ነበር?»

ነፋሱ አመዱን ያንሳፍፋል። የማሩ ትከሻ ቀስ በቀስ ወደ ታች ወረደ።

«እኔ ነኝ» አለ። «ሰማዩ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። ከዚያ እሱ ነገር ክምሩ ላይ ድም አለ፤ መሬቱ ተንቀጠቀጠ። እግሬ አውጪኝ አልኩ። እሳቴን እንዳለ ጥዬ። ወንዙን ተሻግሬ ነው ዞር ብዬ ያየሁ። ነፋሱ ፍሙን ወስዶታል። ክምሩ ይነዳል።»

«ለምን አልተናገርክም?»

«ምን ብዬ?» ድምፁ ሰለለ። «ነብር የገደለው ማሩ ብርሃን ፈርቶ ሮጠ ብዬ?»

«ኢዘዲን ታስሯል እኮ።»

«ስሙን አልጠራሁም።»

«አልጠራህም። ዝም ብለህ ግን ሰጥተኸዋል።»

ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። ልቆጣው ፈልጌ ነበር፤ አልቻልኩም። ኩራት ምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ። ግን የእኔ ኩራት ሰው አላሳሰረም።

ያን ማታ ለኮማንደር ሀይሉ ነገርኳቸው። በማግስቱ ኢዘዲን ከጣቢያው ወጣ። ረሂማ በር ላይ ነበረች። ተያዩና ሁለቱም «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም። ወደ መርሳ የሄድነው አብረን ነው፤ አበጋሮቹ አውድማው ላይ ሰው ሰብስበው ይጠብቁናል።

የመጀመሪያው ነገር ቀላል ነበር። ወንድሙ በቸልተኝነት ለጠፋው እህል ክስ አልፈልግም አለ፤ ማሩ ደግሞ ሁለት ክረምት በወንድሙ ማሳ ሊሠራ ቃል ገባ። ወንድሙ ኢዘዲን ፊት ቆሞ «በድዬሃለሁ፣ ይቅር በለኝ» አለው። ኢዘዲን «አውፍ ብያለሁ» አለ።

ከዚያ ሼህ አብዱልሐሊም ወደ ኢዘዲን ዞሩ።

«አንተስ ልጄ? ማሩ በዝምታው አሳስሮሃል። ካሳህን ጠይቅ። በሬ ብትል በሬ፣ በግ ብትል በግ።»

ኢዘዲን ማሩን አየው፤ ማሩ መሬት መሬት ያያል።

«በሬም በግም አልፈልግም» አለ ኢዘዲን። «ስሜ የጠፋው ገበያ ላይ ነው። ገበያ ላይ ይመለስልኝ። ለኢንስፔክተሩ የነገረውን በገበያ ቀን ሰው ሁሉ እየሰማ ይድገመው።»

የማሩ ፊት ሲገረጣ አየሁ። ሦስት በሬ ቢጠየቅ ይቀለው ነበር። አያ ደምሴ «ትችላለህ?» አሉት። «እችላለሁ» አለ፤ እኔ ግን አላመንኩትም።

በገበያው ቀን መርሳ ሄድኩ። ሥራ አልነበረኝም፤ ማየት ፈልጌ ነው። ገበያው ሞልቷል፤ በርበሬው፣ ሙዙ፣ ፓፓያው፣ የፍየሉ ጩኸት። ማሩ መጣ። ዱላውን አልያዘም። ሰው መሃል ገብቶ ቆመ፣ ድምፁ መጀመሪያ አልወጣለትም። ሁለተኛ ጊዜ ሲሞክር እስከ መንገዱ ተሰማ።

«ስሙኝ የሀብሩ ሰዎች። የወንድሙን ክምር ኢዘዲን አላቃጠለም። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። ብርሃኑን አይቼ ፈራሁ። እሳቴን ጥዬ ሮጥኩ። ሰው ሲታሰር ደግሞ አፍሬ ዝም አልኩ። ኢዘዲን ንጹሕ ነው።»

አንዲት በርበሬ የምትሸጥ ሴት፣ ዓቢዳ የሚሏት፣ ከተቀመጠችበት ቀና አለች።

«እኔም አልጋ ሥር ገብቻለሁ» አለች። «ባሌማ እስካሁን አልወጣም።»

ገበያው በሳቅ ፈነዳ፤ ግን ማሩ ላይ አልነበረም የሚስቁት። አንዱ «እኔ በጓዳ በር ወጥቼ ጎረቤት ቤት አድሬያለሁ» አለ። ሌላው «ላሟን ጥዬ ጥጃዋን ይዤ ሮጥኩ» አለ። ሼህ አብዱልሐሊም ራሳቸው ከኋላ ሆነው «እኔ ሶላት ላይ ነበርኩ፤ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንደነበርኩ እስከ ዛሬ አላውቅም» አሉ። ማሩ ግራ ገብቶት ቆሟል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ኢዘዲን ሕዝቡን እየከፈለ ወደ እሱ ሄደ። ተቃቅፈው ይላቀሳሉ ብዬ ነበር። ኢዘዲን ግን እጁን ያዘውና ጎተተው።

«በቃ፣ ሰምተዋል» አለው። «ና እንሂድ። ረሂማ ሽሮ ሠርታለች፤ እንደምትመጣ ነግሬያት ነው።»

«አልመጣ ብልስ ኖሮ?» አለ ማሩ።

«ነብር የገደልክ ጊዜ ማንም አላገዘህም ነበር» አለ ኢዘዲን። «ዛሬም ብቻህን ነው የመጣኸው። እንደምትመጣ አውቄያለሁ።»